የጓሮ አትክልት እንክብካቤ በበጋ ሐሩርና በውሃ እጥረት ጊዜ

መግቢያ

የጓሮ አትክልት በክረምት ወራት ብዙ ድካም ሳይጠይቅ ይበቅላል። ችግሩ የሚመጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ ነው። ከጥቅምት ጀምሮ የመሬቱ እርጥበት እየቀነሰ ይሄዳል፤ ከኅዳር በኋላ ደረቅ ነፋስ ይበረታል፤ ከየካቲት እስከ ግንቦት ባሉት ወራትም የቀኑ ሙቀት ከፍተኛ ደረጃ ላይ ይደርሳል። ቤተሰቡ አትክልት አብዝቶ የሚፈልገው ግን በዚሁ ጊዜ ነው። 55 ቀን የሚቆየው ዐቢይ ጾም የሚውለው በእነዚሁ ወራት ሲሆን፣ በገበያ የጎመንና የቲማቲም ዋጋ ከፍ ይላል፤ በብዙ ቤቶችም ጎተራው መጉደል ይጀምራል። በዚህ ወቅት ከጓሮ የሚቆረጥ አንድ እቅፍ ጎመን ወይም ቆስጣ በተለይ ለሕፃናትና ለነፍሰ ጡር እናቶች ትልቅ ዋጋ አለው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው በተለይ በስምጥ ሸለቆ ቆላማና ወይና ደጋ ቦታዎች፣ ማለትም ከአዳማና ከወንጂ እስከ መቂ፣ ባቱ (ዝዋይ) እና ሐላባ ባሉት አካባቢዎችና ተመሳሳይ የአየር ጠባይ ባላቸው ሥፍራዎች ለሚሠሩ የልማት ሠራተኞችና የኅብረት ሥራ ማኅበራት ነው። በእነዚህ ቦታዎች አብዛኛው ዝናብ የሚጥለው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ነው። የበልጉ ዝናብ አንዳንድ ዓመት በቂ ሲሆን፣ አንዳንድ ዓመት ይዘገያል ወይም ጨርሶ ይቀራል። በ2007 እና በ2008 ዓ.ም. በኤልኒኞ ምክንያት በአገራችን የደረሰው ድርቅ ይህን በሚገባ አሳይቷል።

በበጋ የሚለሙ ጓሮዎችን ስንመለከት በብዛት የሚያጋጥመው ጉድለት አንድ ነው። ይኸውም ገበሬው መደቡን የሚያዘጋጀው በመሬቱ ስፋት ልክ እንጂ በውሃው ልክ አለመሆኑ ነው። በጥቅምት የተተከለው ሰፊ መደብ እስከ ታኅሣሥ ድረስ ያምራል። ተክሉ አድጎ ማበብ ሲጀምር የሚፈልገው ውሃ በእጥፍ ይጨምራል፤ በአንጻሩ ጉድጓዱ እየጎደለ፣ ውሃ ቀጂውም እየደከመ ይሄዳል። በመጨረሻም ሁሉም መደብ ጥቂት ጥቂት ውሃ እየደረሰው፣ አንዱም ሳይጠግብ በአንድነት ይደርቃል። ስለዚህ ከዚህ በታች የምንሰጣቸው ምክሮች ሁሉ የሚያርፉት በአንድ መሠረታዊ ሐሳብ ላይ ነው፦ የመደቡ ስፋት በውሃው ልክ ይሁን፤ መደቡ ላይ የደረሰው ውሃም በፀሐይና በነፋስ እንዳይባክን ይጠበቅ።

1. ከመትከል በፊት ውሃውን መለካት

በአንድ ካሬ ሜትር መሬት ላይ 1 ሚሊ ሜትር ውሃ ማለት 1 ሊትር ማለት ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ በሞቃቶቹ ወራት በሚገባ ያደገ አትክልት ከነአፈሩ በቀን ከ5 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ውሃ ሊያጣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ5 እስከ 6 ሊትር ይፈልጋል። ችግኝ በሆነበት ጊዜ የሚፈልገው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። ሒሳቡ ግን መሠራት ያለበት ተክሉ ባደገበት ጊዜ በሚፈልገው መጠን ነው።

በዚህ መሠረት፦

- 5 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ25 እስከ 30 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አንድ ተኩል ያህል፤
- 10 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ50 እስከ 60 ሊትር፣ ማለትም ሦስት ጀሪካን ያህል፤
- 25 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ125 እስከ 150 ሊትር፣ ማለትም ከስድስት እስከ ሰባት ተኩል ጀሪካን ይፈልጋል።

ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ክብደቱ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ነው። በብዙ ቤቶች ይህን ተሸክመው የሚመጡት እናቶችና ልጆች ናቸው። ስለሆነም የልማት ሠራተኛው የመደቡን ስፋት ከመወሰኑ በፊት ከባለቤቱ ጋር ብቻ ሳይሆን ውሃውን ከምትቀዳው ሰው ጋር መነጋገር ይኖርበታል። ለመጠጥ፣ ለምግብ ማብሰያና ለከብት የሚሆነው ከተነሣ በኋላ በየቀኑ ስንት ጀሪካን ሊተርፍ እንደሚችል በመጀመሪያ ይጠየቅ። የተረፈው ሁለት ጀሪካን ከሆነ ከ7 እስከ 8 ካሬ ሜትር መደብ ይበቃል። በሚገባ የተያዘ 7 ካሬ ሜትር መደብ ከደረቀ 25 ካሬ ሜትር ይልቅ ቤተሰቡን ይመግባል።

ተጨማሪ ውሃ ከሁለት ቦታ ሊገኝ ይችላል።

ሀ) ከቆርቆሮ ጣሪያ። 40 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥል 400 ሊትር ይሆናል። ከዚህ አንድ አምስተኛው በፍንጥቅጣቂና በትነት ቢባክን እንኳ 320 ሊትር፣ ማለትም 16 ጀሪካን ይጠራቀማል። ስለዚህ አንድ የበልግ ዝናብ እንኳ ቢሆን አሸንዳና በርሜል ለሠራ ቤት ትልቅ ጥቅም ይሰጣል። በርሜሉ ግን ሁልጊዜ በሚገባ መከደን አለበት። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 በአገራችን በቀብሪ ደሃር ተገኝታለች። ይህች ትንኝ በበርሜልና በመሳሰሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ውስጥ ስለምትራባ ያልተከደነ ውሃ ለቤተሰቡ በሽታ ሊያመጣ ይችላል።

ለ) ከቤት ውስጥ ዕጣቢ። አትክልትና እህል የታጠበበት ውሃ ያለ ችግር ሊጠጣ ይችላል። የልብስና የሰውነት ዕጣቢ ከሆነ ግን ብዙ ሳሙና የሌለበት፣ በተለይ ሁለተኛው የማለቅለቂያ ውሃ ቢሆን ይመረጣል። በረኪና ያለበት ውሃ መደብ ላይ መፍሰስ የለበትም። ዕጣቢ ውሃ ቅጠሉን ሳይነካ ከሥር ይጠጣ፤ ጥሬውን ለሚበሉ እንደ ሰላጣና ካሮት ላሉ አትክልቶችም አይዋል።

2. የመደብ አዘገጃጀት

በክረምት ውሃ እንዳይተኛ መደብ ከፍ ተደርጎ ይሠራል። በበጋ ግን ይህ አሠራር መገልበጥ አለበት። ከፍ ያለ መደብ ከላይም ከጎንም በነፋስ ስለሚመታ ቶሎ ይደርቃል፤ የተጠጣውም ውሃ ወደ መተላለፊያው ይፈስሳል። ስለዚህ የበጋ መደብ ከመሬቱ ወለል ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ፣ ዙሪያው በአፈር እርከን ተከቦ መሠራት አለበት። ስፋቱ ከ1 ሜትር እስከ 1 ሜትር ከ20 ቢሆን ከሁለቱም ጎን ሳይረገጥ ለመሥራት ይመቻል። የበልግ ዝናብ በርትቶ ውሃ ከተኛ እርከኑን በአንድ በኩል ከፍቶ ማፍሰስ ይቻላል።

አፈሩ ከ40 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይቆፈር። የላይኛው አፈር ለብቻ፣ የታችኛው ለብቻ ይቀመጥና የታችኛው ከላላ በኋላ ሁለቱም በየቦታቸው ይመለሱ። ጠንካራ አፈር ውስጥ ሥር ወደ ታች ስለማይወርድ ተክሉ በየቀኑ ውሃ ይለምናል። በየካሬ ሜትሩ ከ2 እስከ 3 ኪሎ ግራም በሚገባ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት ከላይኛው 20 ሳንቲ ሜትር አፈር ጋር ይደባለቅ። ያልበሰበሰ ፍግ በደረቅ ወቅት ችግኙን ያቃጥላል፤ ምስጥም ይስባል። ዩሪያ በደረቅ አፈር ላይ መጨመር አይገባም። በብዛት ከተጨመረም ቅጠሉ ከመጠን በላይ ይለመልምና የውሃ ፍላጎቱ ይጨምራል።

መደቡ የሚሠራበት ቦታ ከውሃው አጠገብ፣ ከነፋስ የተከለለና ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ቢሆን ይመረጣል። ከትልቅ ዛፍ፣ በተለይም ከባሕር ዛፍ ሥር ግን መራቅ አለበት።

3. የአትክልት ምርጫ

ለበጋ ሁሉም አትክልት እኩል አይስማማም። የእኛ አስተያየት የሚከተለው ነው።

የአበሻ ጎመንና ቆስጣ፦ ለአነስተኛ ውሃ ቀዳሚዎቹ እነዚህ ናቸው። ከተተከሉ ከአንድ ወር ተኩል እስከ ሁለት ወር ባለው ጊዜ ቅጠላቸው መለቀም ይጀምራል፤ የውጪው ቅጠል እየተለቀመ ለብዙ ሳምንታት ይቆያሉ። ውሃ ሲያጥራቸው ዕድገታቸው ይቆማል እንጂ በቀላሉ አይሞቱም።

ስኳር ድንችና ዱባ፦ ከተያያዙ በኋላ ሥራቸው ርቆ ስለሚሄድና ሐረጋቸው አፈሩን ስለሚሸፍን ድርቅን ይቋቋማሉ። የሁለቱም ለጋ ቅጠል ተቀቅሎ ይበላል።

ቃሪያና ቲማቲም፦ ጥሩ ምርት ይሰጣሉ፤ ነገር ግን በአበባ ጊዜ ውሃ ከተቋረጠባቸው አበባቸው ይረግፋል። የቲማቲም አበባ የቀኑ ሙቀት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲያልፍ፣ ወይም የሌሊቱ ከ21 ዲግሪ በላይ ሲሆን ፍሬ መያዝ ያቅተዋል። ስለዚህ በቆላ ቦታ ቲማቲም ቀደም ብሎ፣ ማለትም በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት ቢዛወር አበባው ከከባዱ ሙቀት በፊት ያልፋል። ለአንድ ቤተሰብ ከስድስት እስከ አሥር እግር ቲማቲም ይበቃል።

ቀይ ሽንኩርት፦ ሥሩ አጭር ስለሆነ ቶሎ ቶሎ መጠጣት ይፈልጋል። የውሃው ምንጭ አስተማማኝ በሆነበት ቦታ ብቻ ይተከል።

ሰላጣ፣ ካሮትና ጥቅል ጎመን፦ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳሉ። የሰላጣ ዘር አፈሩ ከ30 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ በደንብ አይበቅልም፤ የበቀለውም ቶሎ አበባ አውጥቶ ይመራል። ከጥር በኋላ በቆላ መዝራቱን አንመክርም።

4. ችግኝ ማፍላትና ማዛወር

የችግኝ መደብ ትንሽ ስለሆነ ጥላና ውሃ ለመስጠት ይቀላል። ዘሩ ከተዘራ በኋላ እስኪበቅል ድረስ በሣር ወይም በእርጥብ ጆንያ ይሸፈን። ብቅ ማለት እንደ ጀመረ ሽፋኑ ወዲያውኑ መነሣት አለበት፤ አለበለዚያ ችግኙ ቀጥኖ ይመነምናል። ከዚያም ከአንድ ሜትር ከፍታ ላይ ቀለል ያለ ዳስ ይሠራለት።

ችግኙ ከመዛወሩ ከ7 እስከ 10 ቀን አስቀድሞ ውሃው ቀስ በቀስ ይቀነስ፤ ጥላውም በየቀኑ ለጥቂት ሰዓት እየተነሣ ፀሐይ ይልመድ። ይህ ካልተደረገ ለስላሳው ችግኝ በመጀመሪያው ቀን ይጠወልጋል። በሚነቀልበት ዕለት የችግኝ መደቡም የሚተከልበትም መደብ በደንብ ይጠጣ። የማዛወሩ ሥራ መሠራት ያለበት ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ወይም ደመና በሆነ ቀን ነው። ከተተከለ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ከ5 እስከ 7 ቀናት በቅጠል ወይም በቅርንጫፍ ከምዕራብ በኩል ይከለልለት።

5. ውሃ አጠጣጥ

ብዙ ሰው በየቀኑ ማታ ማታ መደቡን ከላይ አርከፍክፎ ይሄዳል። ይህ ልማድ ውሃ ያባክናል። የሚረጥበው የላይኛው ጥቂት ሳንቲ ሜትር አፈር ብቻ ሲሆን፣ በማግስቱ ፀሐይ ይወስደዋል። ሥሩም ውሃውን ተከትሎ ወደ ላይ ስለሚቀር ተክሉ አንድ ቀን ውሃ ቢቋረጥበት ወዲያው ይጠወልጋል። የሚሻለው ሳይደጋገም፣ ነገር ግን ሥሩ እስኪደርስ ድረስ ማጠጣት ነው።

ሥራቸው እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ለወረደ አትክልቶች በሞቃት ወቅት የሚከተለው መነሻ ሊሆን ይችላል፦

- በአሸዋማ አፈር፦ በየ2 ቀኑ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 12 ሊትር ያህል፤
- በመካከለኛ አፈር፦ በየ4 ቀኑ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 20 ሊትር ያህል፤
- በዋልካ ወይም በኮትቻ አፈር፦ በየ5 ቀኑ፣ ለአንድ ካሬ ሜትር 25 ሊትር ያህል።

አዲስ የተተከለ ችግኝ ግን ሥሩ እስኪይዝ ድረስ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ውሃ ይፈልጋል። መደቡ ብዙ ከሆነ በየቀኑ የተወሰነው ክፍል ብቻ በተራ ይጠጣ። ለምሳሌ ያህል 8 ካሬ ሜትር መደብ በአራት ተከፍሎ፣ በየቀኑ 2 ካሬ ሜትር ሁለት ጀሪካን ቢጠጣ፣ ሁሉም በአራት ቀን አንድ ጊዜ ይጠግባል፤ የቀጂዋም ድካም ከቀን ወደ ቀን አይለዋወጥም።

የማጠጫው ሰዓት ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። ካልተቻለ ፀሐይ ከበረደ በኋላ ይሁን። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ድረስ የሚጠጣ ውሃ በብዛት ይባክናል። ውሃው በጣሳ ከግንዱ አጠገብ ቀስ ተብሎ ይፍሰስ እንጂ ቅጠል ላይ አይረጭ።

መጠጣት ያስፈልግ እንደሆነ የሚታወቀው አፈሩን ከላይ በማየት አይደለም። በእጅ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍሮ ጥቂት አፈር መጨበጥ ነው። ተጨብጦ ሲለቀቅ ተያይዞ ከቀረ ውሃ አለው፤ ከተበተነ ጊዜው ደርሷል። በአሸዋማ አፈር ግን እርጥቡም በደንብ ስለማይያያዝ ቅዝቃዜውንና ቀለሙን ማየት ይረዳል። ውሃው እስከ የት እንደወረደ ለማወቅም ከተጠጣ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቀጭን ብረት ወይም እንጨት ወደ አፈሩ መውጋት ነው። እርጥቡ እስካለበት ድረስ በቀላሉ ይገባል፤ ደረቁ ጋ ሲደርስ ይቆማል።

በስምጥ ሸለቆ አንዳንድ የጉድጓድ ውሃ ጨዋማ ነው። ከተጠጣ በኋላ በመደቡ ላይ ነጭ ብናኝ ከታየ ካሮት፣ ሽንኩርትና ፎሶሊያ በዚያ ውሃ አይጠጡ። ቀይ ሥርና ቆስጣ ጨውን የተሻለ ይቋቋማሉ።

6. ጉዝጓዝ፣ ጥላና የነፋስ መከላከያ

የተራቆተ አፈር ውሃውን ለፀሐይ ይሰጣል። ስለዚህ ችግኙ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ካደገ በኋላ መደቡ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ባለው ጉዝጓዝ ይሸፈን። ጉዝጓዙ አፈሩን ያቀዘቅዛል፤ አረምን ያፍናል፤ ሲበሰብስም አፈሩን ያዳብራል። ከግንዱ ግን አራት ጣት ያህል መራቅ አለበት። መሬቱ በሚገባ ከመጠጣቱ በፊት በደረቅ አፈር ላይ መጎዝጎዝ ጥቅም የለውም።

በዚህ ላይ አንድ እውነተኛ ችግር አለ። በድርቅ ጊዜ የጤፍ ጭድና የበቆሎ አገዳ የከብት መኖ ስለሆነ ገበሬው ለጓሮ አይሰጥም፤ እንዲሰጥም ማስገደድ አይገባም። ለጉዝጓዝ የሚሆነው ከብት የማይበላው ነው። የደረቀ የዛፍ ቅጠል፣ የቡና ገለፈት፣ የከብቶች በረት ጥራጊ፣ ዘር ያላፈራ አረምና ከመኖ ገንዳ የተረፈ ሥራሥር ሁሉ ያገለግላል። ምስጥ በሚያስቸግርበት ቦታ ጉዝጓዙ ሳሳ ተደርጎ በየሳምንቱ ይገለበጥ። ጨርሶ ጉዝጓዝ ካልተገኘ ከተጠጣ በማግስቱ የላይኛውን 2 ሳንቲ ሜትር አፈር በመኮትኮቻ ቀለል አድርጎ ማላላት ትነትን ይቀንሳል። ጥልቅ ኩትኳቶ ግን ሥር ይቆርጣል፤ እርጥቡንም አፈር ወደ ላይ ያወጣል። አረም ከአትክልቱ ጋር እኩል ውሃ ስለሚጠጣ ሳይውል ሳያድር ይነቀል።

ቅጠላ ቅጠልና ችግኝ ከቀኑ 6 ሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ የሚቀንስ ጥላ ቢያገኙ በጣም ይጠቀማሉ። ዳሱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ከፍ ብሎ፣ ጎኑ ተከፍቶ፣ ክዳኑም ብርሃን የሚያሳልፍ ይሁን። የተደፈነ ጥላ ተክሉን ያመነምናል። ነፋስ በሚመጣበት በኩል የበቆሎ፣ የማሽላ ወይም የርግብ አተር ረድፍ፣ ወይም የጭራሮ አጥር ቢኖር የመደቡ ውሃ ይቆያል።

7. በሸክላ ማሰሮ ማጠጣት

ይህ ዘዴ በጣም ጥቂት ውሃ ላላቸው ቤቶች ይስማማል። ከ5 እስከ 7 ሊትር የሚይዝ የሸክላ ማሰሮ እስከ አንገቱ ድረስ መደቡ ውስጥ ይቀበራል። በዙሪያው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከአራት እስከ ስድስት ችግኝ ይተከላል። ማሰሮው ውሃ ሲሞላ በገላው በኩል ቀስ በቀስ እያረጠበ ሥሩን ያጠጣል፤ አፈሩ ሲረጥብ የሚወጣው ውሃ ይቀንሳል፤ ሲደርቅ ይጨምራል።

ማሰሮው ያልተሟሸ መሆን አለበት። ለምግብ የተሟሸ ወይም ቅባት የጠጣ ሸክላ ቀዳዳው ስለተደፈነ ውሃ አያሳልፍም። ከመቀበሩ በፊት ውሃ ተሞልቶ ለአንድ ቀን ይቀመጥ፤ ከውጪ ካላበ ለሥራው ይሆናል። አንገቱ የተሰበረ አሮጌ ያልተሟሸ የውሃ ማሰሮም ያገለግላል። አፉ በጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም በክዳን ይሸፈን። እንደ አፈሩ ሁኔታ በየ2 እስከ በየ4 ቀኑ መሙላት ይበቃል። ለአንድ እግር ቲማቲም ወይም ዱባ፣ በተለምዶ ሃይላንድ የሚባለውን የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳኑን በቀጭን መርፌ በስቶ፣ ቂጡን ቆርጦ፣ ተዘቅዝቆ በሥሩ አጠገብ መቅበር ይቻላል።

8. የሙቀትና የጥማት ምልክቶች

የልማት ሠራተኛው ምልክቶቹን ለይቶ ካላወቀ የተሳሳተ ምክር ሊሰጥ ይችላል።

- ቅጠሉ በቀትር ጠውልጎ ማታ ከተነሣ፦ ይህ በሙቀት የሚመጣ ስለሆነ አፈሩን ሳይመረምሩ ውሃ መጨመር አያስፈልግም።
- በማለዳ ጠውልጎ ከተገኘ፦ አፈሩ ከደረቀ ጥማት ነው። አፈሩ እርጥብ ሆኖ ከጠወለገ ግን የሥር በሽታ ሊሆን ስለሚችል ተክሉ ተነቅሎ ሥሩ ይታይ።
- የቲማቲም ፍሬ ቂጡ ጠቁሮ ከጎደጎደ፦ ተክሉ ካልሲየም በበቂ ሳያገኝ ሲቀር የሚመጣ ጉዳት ነው። ብዙውን ጊዜ መንሥኤው የውሃው መቆራረጥ ስለሆነ መድኃኒት መርጨት አይጠቅምም። የውሃውን ተራ ማስተካከልና መጎዝጎዝ ይበጃል።
- በፍሬው ላይ በፀሐይ በኩል ነጭ የተቃጠለ ነጠብጣብ ከታየ፦ ቅጠሉ ከመጠን በላይ ተመልምሏል ማለት ነው። በበጋ ቅጠል መመልመል ይቀነስ።

9. በደረቅ ወቅት የሚበረቱ ተባዮች

ቀይ ሸረሪት በቅጠሉ ሥር ደቃቅ ድር እየሠራ ቅጠሉን ያገረጣል፤ አቧራና ድርቀት ይስማማዋል። በማለዳ የቅጠሉን ሥር በጥቂት ውሃ ማጠብና ክፉኛ የተጠቃውን ቅጠል ለቅሞ ማቃጠል ይረዳል። የጎመን ክሽክሽ ገና በጥቂት ቅጠል ላይ ሳለ በእጅ ይጨፍለቅ ወይም ቅጠሉ ይነቀል። የቲማቲም ቅጠልና ፍሬ የሚቦረቡረው ቱታ አብሶሉታ እ.ኤ.አ. በ2012 በአገራችን ከታየ ወዲህ በስምጥ ሸለቆ ቲማቲምን በብርቱ የሚያጠቃ ተባይ ሆኗል። የተቦረቦረ ቅጠልና ፍሬ በመደቡ ዳር መጣል የለበትም፤ በፕላስቲክ ከረጢት ታስሮ ፀሐይ ላይ ይቆይ ወይም በጥልቅ ይቀበር። በጓሮ ላለ ቅጠላ ቅጠል የፀረ ተባይ ኬሚካል መርጨትን አንመክርም። ዛሬ የተረጨው ነገ ልጆች ሊበሉት ይችላሉና።

10. ውሃው ጨርሶ ሲያንስ

የታሰበው ውሃ በግማሽ ከቀነሰ ለሁሉም ማካፈል ትልቅ ስሕተት ነው። ወዲያውኑ መለየት ያስፈልጋል። እኛ የምናቀርበው ቅደም ተከተል ይህ ነው።

ሀ) መጀመሪያ አበባ ያወጣ ሰላጣ፣ ያልጠቀለለ ጥቅል ጎመንና ገና ያልወፈረ ካሮት ይተው። ቅጠላቸው ለምግብ ወይም ለከብት ይዋል።

ለ) ቅጠሉ መውደቅ የጀመረ ቀይ ሽንኩርት ከእንግዲህ ውሃ ስለማይፈልግ ውሃው ይቁምለት።

ሐ) ፍሬ የያዘ ቲማቲም ጫፉ ይቀንጠስ፤ አዲስ የሚወጣው አበባም ይነቀል። ያለው ውሃ የተያዘውን ፍሬ እንዲያደርስ ነው።

መ) ጎመንና ቆስጣ ከመሐል ሁለት ሦስት ለጋ ቅጠል ብቻ ቀርቶላቸው የቀረው ይለቀም። በደንብ ተጎዝጉዞላቸው በየ5 ቀኑ ጥቂት ውሃ ካገኙ ነፍሳቸው ሊቆይ ይችላል፤ በበልግ ዝናብም እንደገና ያቆጠቁጣሉ።

ሠ) ቃሪያ፣ ስኳር ድንችና ዱባ የመጨረሻውን ውሃ ይጠብቁ።

ይህን ለመወሰን የሚከብደው ባለቤቱ ነው። ለሁለት ወር የደከመበትን መደብ ተወው ማለት ቀላል አይደለም። የልማት ሠራተኛው በዚያን ቀን በቦታው ተገኝቶ ከቤተሰቡ ጋር ቢመክር፣ ግማሹ መደብ እስከ በልግ ሊደርስ ይችላል።

11. የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የልማት ሠራተኞች ድርሻ

አባላት ከአንድ ጉድጓድ የሚጠጡ ከሆነ የእያንዳንዱ መደብ ስፋት በጋራ መወሰን አለበት። ጉድጓዱ በቀን የሚሰጠው ውሃ በሁለት ሦስት ተከታታይ ቀናት እየተቀዳ ይለካ። ለምሳሌ ለመጠጥና ለከብት ከተነሣ በኋላ በቀን 1000 ሊትር የሚተርፍ ከሆነ፣ በ6 ሊትር ሒሳብ ከ160 ካሬ ሜትር ለሚበልጥ መደብ አይበቃም። ይህም ለ16 ቤተሰብ ለእያንዳንዱ 10 ካሬ ሜትር ነው። አባላቱ 20 ከሆኑ 8 ካሬ ሜትር ይድረሳቸው። ጉድጓዱ ከጥር በኋላ እየጎደለ የሚሄድ ከሆነ ሒሳቡ በጎደለበት ጊዜ ባለው መጠን ይሠራ።

ከዚህም ሌላ ማኅበሩ፦

- ችግኙን በአንድ የጋራ መደብ ቢያፈላ ጥላውም ውሃውም ይቆጥባል፤
- አባላቱ የሚያምኑትን ሰው የውሃ አባት አድርጎ ቢመርጥና ተራውን በጽሑፍ ቢያስቀምጥ ጠብ ይቀንሳል፤
- ተራ ሲወጣ ባል የሌላቸው እናቶችና አቅመ ደካሞች በሌሊት እንዳይደርሳቸው ቢያስብ፤
- አሸንዳ፣ በርሜልና ያልተሟሸ ማሰሮ በጅምላ ቢገዛ ዋጋው ይቀላል።

የልማት ሠራተኛውም በወር ሁለት ጊዜ አንዱን ጉብኝት በማለዳ፣ ሌላውን በቀትር ቢያደርግ ተክሉ ያለበትን ሁኔታ በትክክል ያውቃል። በየቤቱ የመደቡን ስፋት፣ በቀን የተቀዳውን ጀሪካንና የተለቀመውን ምርት ቢመዘግብ፣ በሚቀጥለው ዓመት ለዚያ መንደር የሚስማማውን ስፋት ከዚህ ጽሑፍ ቁጥሮች ይልቅ መዝገቡ ይነግረዋል።

ማጠቃለያ

የበጋ ጓሮ የሚጀመረው ጀሪካን በመቁጠር ነው። ቤተሰቡ ያለ ጭንቀት ሊቀዳው የሚችለው ውሃ ይለካ፤ መደቡ በዚያው ልክ ይቆፈር፤ ዝቅ ብሎ ይሠራ፤ በፍግ ይዳብር፤ በጉዝጓዝ ይሸፈን፤ ሳይደጋገም በጥልቀት ይጠጣ። ውሃው ሲያንስም የሚተወውና የሚድነው በጊዜ ይለይ። እነዚህ ሥራዎች ከጉልበትና ከጥንቃቄ በቀር ብዙ ወጪ አይጠይቁም። መደቡ በመስከረም መጨረሻ፣ መሬቱ ገና እርጥብ ሳለ ቢቆፈር ሥራው ይቀላል፤ ስለዚህ የልማት ሠራተኞችና ማኅበራት ውይይቱን ከወዲሁ በነሐሴ እንዲጀምሩ እናሳስባለን።